የመቶ ዘጠና ዘጠኝ ክሮነር ምስክር

ሐኪሙ ግፊቴን ሦስት ጊዜ ለክቶ፣
ከመነጽሩ በላይ አሻቅቦ አይቶ፣
«እርምጃ ውሰድ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤
በትራም ተሳፍሬ ሂሲንገን ሱቅ መጣሁ።
ከካልሲ፣ ከሻማ፣ ከውሻ ምግብ አጠገብ፣
ተሰቅሎ አገኘሁት፣ ጥቁር አምባር፣ ልብ የሚመዘግብ።
ዋጋው መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዋስትናው አንድ ዓመት፤
(ለኔስ ማን ጽፎልኛል ይህን ያህል ዕድሜ በወረቀት?)

የመጀመሪያው ሳምንት ፍቅር ነበር በቃ፤
ስተኛ አብሮኝ ተኝቶ፣ ስነቃ ሲነቃ።
ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣
የአንድ ቀን ቆሻሻ በአራት ፌስታል ከፍዬ ጣልኩ።

እኔ አልጋ ገፊ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ።
ከድንገተኛ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ቀዶ ጥገና፣
ሰው ከነጉሉኮሱ ስገፋ አድራለሁና፣
ሌሊቱ ሲጋመስ ስምንት ሺህ ጠበቅሁ፤
ስክሪኑን ነክቼ ሁለት መቶ አሥር አየሁ።
ለካ እጄ ብረቱን ጨብጦ ስለማይወዛወዝ፣
ለሱ ቁጭ ብያለሁ፣ ሰነፍ ነኝ የምደነዝዝ።
ይባስ ብሎ ነዘረኝ አንጓዬን ኮርኩሮ፤
«ብዙ ተቀመጥህ! ተነሥ!» አለኝ ደፍሮ።
አልጋው ላይ ለነበሩት ለሽማግሌው ለሌናርት፣ ዳሌያቸው ለተሰበረው፣
ጽሑፉን ባሳያቸው «ለኔ ነው?» ብለው ሳቁ፣ ሕመሙን እስኪረሱት ስቃዩ ሲያንገላታው።

እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን፣ ከቆምኩባት ንጣፍ ሳልወርድ፣
ሦስት ሺህ እርምጃ አስቆጠርኩ፣ በጭብጨባ መንገድ።
ለጽድቅ ከሆነ ደግ ነው፣ ለግፊቴ ግን እንጃ፤
ሰማይም በዚህ ዓይነት ከሆነ የሚቆጥረው እርምጃ…

እንቅልፌንማ አትጠይቁ። የምተኛው ቀን ነው፣
መጋረጃ ዘግቼ፣ ጎረቤት ቁርሱን ሲበላው።
«ዜሮ ሰዓት» ይለኛል፣ ያዘነ ፊት እየሣለ፤
ታዲያ ያንኮራፋው ማን ነው? ቤቴ ሌላ ሰው አለ?

እውነቱ ይነገር፦ ባትሪው ጨዋ ነው፣ ዘጠኝ ቀን ይዘልቃል፤
የጎተንበርግ ዝናብ አይበግረውም፣ በዚህስ ከኔ ይሻላል።
ማሰሪያው ግን ያሳክካል፤ ዘለበቱ በወሩ ላላ።
አንድ ሌሊት፣ በሻይ ሰዓት፣ ነርሷ ጉኒላ፣
«እስቲ እጅህን» አለችኝ፤
ሁለት ጣቷን አንጓዬ ላይ፣ ዓይኗን ግድግዳው ሰዓት ላይ ጥላ፣
ዝም አለች፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ።
«ሰባ ስምንት።»
አምባሩ መቶ አራት ይላል።
ልብ ይቆጥራል እንጂ ልብ አይልም ይህ ዕቃ።

«ብርሃኑ ቆዳህ ላይ ሳይጠፋው አይቀርም መንገዱ፤
ሥራህን የሚያውቀው እግርህ ነው፤ ካልሲህ ውስጥ ክተተው ከነጉዱ» አለችኝ።

ነጋ። ፈረቃዬ ሲያልቅ ቁርጭምጭሚቴን አየሁ፤
አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ቆሜ ቀረሁ።
አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ኮሪደር ስሄድ ስመለስ፣
ከጫማዬ በቀር የቆጠረልኝ የለም፣ ሶሉ አልቆ ሲበጠስ።

እንግዲህ ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ለእግር ከሆነ ግዙት፤
ለልብ ግን ሁለት ጣት ያለው፣ ዝም የሚል ሰው ፈልጉለት።
ግፊቴን በመጋቢት ያዩታል፤ ከዚያ በፊት አልናገርም፤
ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ የምመልሰው ግን አይመስለኝም።

ትናንት ሌሊት ሌናርት፣ ከራጅ ሲመለሱ፣
«ዛሬስ ስንት ሄድን?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እየቀነሱ።
ጎንበስ ብዬ ካልሲዬን ገለጥ አድርጌ ነገርኳቸው፤
«ግማሹ የኔ ነው» አሉ።
ግማሹን ሰጠኋቸው።