የጭረቱ ዋጋ

የመጀመሪያዋ ቀይ ነበረች፤ ዛላ በርበሬ የመሰለች፣
ሰበታ ከአንድ ሆቴል ጓዳ፣ ከቢራ ሣጥን ሥር የዋለች።
ባንዱ ፈርሶ፣ ባለቤቷ የኢሱዙ ሹፌር ሆኖ፣
በዘጠኝ መቶ ብር ሸጠልኝ፤ ቆጥሮ እንኳ ሳያይ፣ አምኖ።

ዘመኑ ዘጠና ሁለት ነው። ዓለም ገና ጭቃ ነበር፤
ከአስፋልቱ ወዲህ ጤፍ፣ ከጤፉ ወዲያ የእኔ አጥር።
መብራቱ ከጎረቤት ነው፣ በቀጭን ሽቦ ይመጣል፤
ማጉያውን ስሰካ የእትዬ ዘርትሁን አምፖል ይቀላል፤
"ያን ጥጃ ወይ አጥባው ወይ እረደው!" የሚል ድምፅ አጥር ይዘላል።

አንድ ሌሊት ከተፍኪ ሰርግ፣ በጭነት መኪና ጀርባ፣
ስንመለስ፣ የተላቀቀ ብረት ጎኗን ነክሶ ገባ።
የጣት ርዝመት ጭረት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የዞረ።
ሸጥኳት። ሃያ ቆርቆሮ ሆነች፤ ክረምቱ ደርሶ ነበረ።
ያን ሐምሌ ጣራዬ ሲንጫጫ፣ ተኝቼ አዳመጥኩት፤
"ይህችኛዋ ክር አልተቃኘችም" አልኩ፤ ለሚስቴ አልነገርኳት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሆነ፤ መግዛት፣ መሸጥ፣ መለዋወጥ፣
ጆሮን ከእንጨቱ አስጠግቶ፣ አንኳኩቶ እንደ ሐብሐብ መምረጥ።
ጥቁሯን በነጭ፣ ነጯን በቤዝ፣ ቤዙን በፍሪጅ፣ ከነብልሹ በር፣
ፍሪጁን ደግሞ በአንገተ ሰባራ ጊታርና በሁለት መቶ ብር።
አንዷን የመሸታ ቤት ልጅ ለጸሎት ቤት ሸጥኳትና፣
እሑድ በደጁ ሳልፍ ሰማኋት፤ ድምጿ አግኝቷል ጤና።

አንዷ ከሰው ሞት ጋር መጣች። እኅቱ ሣጥኗን ከፍታ
"ስንት ታወጣለች?" አለችኝ፤ ከውስጡ የሲጋራ ሽታ፣
አንድ ፒክ፣ የልጅ ካልሲ፣ ያልተከፈለ የውሃ ደረሰኝ።
ያን ቀን አልተከራከርኩም። ደላላው ሽኩር ታዘበኝ፤
"በዚህ ዓይነት ትከስራለህ" ብሎ እስከ አየር ጤና ወቀሰኝ።

የሽኩር ሕግ አንድ ነበር፦ የወደድከውን አትይ፤
እንከኑን ቁጠር፣ ተነሥ፣ ሂድ፤ ይጠሩሃል ከበር ላይ።

የሰፈሩ ስም ዓለም ገና፤ እኔም "ገና ነው" እያልኩ፣
የማስቀራትን ሳልመርጥ፣ በሰው ጊታር ሸበትኩ።

ጤፉ ፎቅ ሆነ። አስፋልቱ ሰፋ። የእትዬ ዘርትሁን አጥር ፈረሰ።
ዘጠኝ መቶ ብር ዛሬ፣ ለክር እንኳ አልደረሰ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጎረምሳ፣ ሌንጂሳ ነኝ ብሎ መጣ፤
በብርድ ልብስ የጠቀለላትን ከባጃጅ ውስጥ አወጣ።
ጥቁር ቀብተዋታል። ጎኗን ሳዞረው ግን፣ ቀለሙ አርጅቶ ደክሞ፣
ከሥሩ ቀይ ታየኝ፤ የጣት ርዝመት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ተጣሞ።

"ሠላሳ አምስት ሺ" አለኝ። ሽኩርን አሰብኩ፣ አላህ ይዘንለት፤
ፊቴን ዘጋሁ፣ እንከን ቆጠርኩ፤ "አንገቷ ጎብጧል" አልኩት፤
"ቁልፏ ላልቷል፤ ክሯ ዝጓል፤ ይህ ጭረትስ?" አልኩ ደፍሬ፣
የራሴን ጥፋት በራሴ አፍ ሳማ፣ ውስጥ ውስጡን አፍሬ።
ልጁ ጭረቱን ዳሰሰና፣ "ጋሼ፣" አለኝ፣
"የድሮ ባለቤቷ ግዴለሽ ነበር መሰለኝ፤
ለእሱ አምስት ሺ ልቀንስልዎ።" ብሎ ማረኝ።

በሕጉ መነሣት ነበረብኝ፤ ጉልበቴ ግን እምቢ አለ።
ሠላሳ ሺ ሰጠሁት። ሌንጂሳ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣
ከነብርድ ልብሱ ኮበለለ።

ማታ ልሰካት ስል መብራት ጠፋ፤ ከካራ ቆሬ እስከ ሰበታ
ጨለማ። እንዲሁ አቀፍኳት፤ ድምጿ የፌንጣ ሹክሹክታ፣
ካቀፋት ሰው ደረት አያልፍም።
ሚስቴ ወደ ዛገው ጣራ ቀና ብላ፣ አንድም ቃል አልወጣትም።

ባቲን ጀመርኩ። መሀል ላይ አንዷ ክር ተበጠሰች።
ቆም ብዬ፣ ከአጥር ወዲያ "ያን ጥጃ" የሚል ሰው ጠበቅኩ።
ፎቁ ዝም አለ።
በአምስቱ ክር ቀጠልኩ።