የግልገል ጊቤ መርከበኞች

ተማም ልብስ ሰፊው፣ ሂርማታ መርካቶ፣
ዝናብ በመጣ ቁጥር ሸራውን ዘርግቶ፣
ነፋሱ ሲገባው ሆዱን ሲነፋ አይቶ፣
"ወደ ግራ!" ይላል፣ መርፌውን ረስቶ።
ደንበኛው ይደነግጣል፤ እኛ እንስቃለን፣
የዚያን ሸራ ታሪክ እኛ እናውቃለን።

ዘጠኝ ነበርን ያኔ። ካፒቴን ላቀው ግን
"አሥር" ይል ነበረ፣ ሲቆጥር ነፋሱን።
"ምጽዋ ሳለሁ" ካለ ማን ሊያስቆመው ነው፤
ማዕበሉን ከፎቅ፣ ዓሣውን ከበሬ ሲያስተካክለው
ይመሻል።
"ጀልባ ብቻ ስጡኝ፤ ግልገል ጊቤ ወርጄ፣
ዳር ዳሩን ላዙራችሁ፣ እንደ ገዛ ልጄ።"

አባ ቢያ ጠረባት። አባ ቢያ ደግሞ
ከበርጩማ በቀር አያውቅም ፈጽሞ።
ከዋንዛ ግንድ ፈልፍሎ፣ ወገቧን አስውቦ፣
እጁ በለመደው መንገድ ላይ ተስቦ፣
ሦስት እግር አበጀላት። ደጁ ላይ ቆመች።
"ቁረጥ" አልነውና ከነቂሟ ቀረች።

ሸራው የአይሱዙ ነው፤ ተማም ነው የሰፋው፤
ኪስ አለው በቀኙ። "ለምን?" ብለን ብንጠይቀው፣
"ኪስ የሌለው ሥራ ከእጄ አይወጣም፤
ደግሞ ውሃ ነው ይሄ፣ ምንም አይታጣም።"

እኔ የካርታ ሰው ነኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመት
ባሕረ ሰላጤን፣ ባሕረ ገብ መሬት፣
በጠመኔ ሥዬ ያስተማርኩ ለልጅ፣
እግሬ ከገንዳ ውጪ ውሃ የማያውቅ እንጅ።
ሲስተር ሸሪፋ ደግሞ፣ ካሁኑ ነው ብላ፣
የማቅለሽለሽ ክኒን ጭቃው ላይ አድላ፣
ጀልባዋ ሳትነሣ አራቱን አስተኛች፤
አምስተኛዋ ራሷ፤ ውጣው አንቀላፋች።

ይህ ግን በኋላ ነው። መንገዱን ዘለልኩት።

ሰርቦ ላይ ትራፊክ ሚኒባሱን አስቆመ፤
ጣሪያው ላይ አየና ቆሞ ተገረመ።
"ወዴት ናችሁ?" ቢለን፣ ላቀው ኩራት ይዞት፣
"ባሕር ዳር!" አለና ደረቱን ነፋለት።
"አባቴ፣" አለ አዝኖ፣ "ጣና ጀልባ ሞልቶት፣
ይሄን ሁሉ አገር ምን አሸከመዎት?"

ገባን። ጀልባይቱ አልሄድም አለች፤
ሸራው ሲነሣላት ባለችበት ዞረች።
ላቀው ይጮኻል፣ "ቀኝ! ግራ! ልቀቅ! ሳብ!"
እኛም በእጃችን ያገኘነውን ስንስብ፣
ባንክ ቤቱ ዘውገ፣ ከረባት ያሠረ፣
ገመድ መስሎን ስበን ሊሞትብን ነበረ።

ፊት ለፊት የሆነ ጥቁር ነገር ታየ።
"አለት ነው፣ አትፍሩ" አለ፣ እጁን ጋርዶ እያየ።

አለቱ አዛጋ።

ካፒቴን ድምፁ ቀጥኖ፣ ላቡን እየጠረገ፣
የሠላሳ ዓመት በሩን ወለል አደረገ፦
"እኔ እኮ... ባሕር ኃይል... ወጥ ቤት ነው የሠራሁት፤
መርከቧ ስትሄድ ወደብ ነው የቀረሁት፤
ሽንኩርት ነው የላጥኩት።"

ሸሪፋ ያኔ ነቅታ ቀና ብላ ብታይ፣
አንድ ልጅ ይመጣል፣ በእግሩ፣ ውሃው ላይ።
"ሞተናል ማለት ነው" አለችና ቀስ ብላ፣
ተመልሳ ተኛች ሻርፗን ደልድላ።
ኑሪ ነው፣ ዓሣ አጥማጁ፤ ቀረበና ቆሞ፣
"ጋሼ፣ ተነሡ እንጂ" አለን ተገርሞ።

ተነሣን። እስከ ጉልበት ነው።

ጉማሬው ጥሎን ሄደ፣ አፍሮብን መሰለኝ።
አባ ቢያ ብቻ ጎኗን እየዳሰሰ፣
"እግሯን ባትቆርጡባት ትቆም ነበር" አለኝ።
ከሸራው ኪስ ደግሞ አንድ ቆሮሶ ወጣ፤
"አላልኩም?" አለ ተማም፣ "ከኪስ ምን ይታጣ!"

ጀልባዋ ይኸውና እግሯን አገኘች፤
ተማም ሱቅ በር ላይ አግዳሚ ሆነች።
የሸራውን አንድ ጫፍ ከምሰሶው ያሠረው
የዘውገ ከረባት ነው።
ዘጠኝ ሰው ትይዛለች። ስምንት ነን ዘንድሮ፤
ላቀው "ዘጠኝ" ይላል፣ ነፋሱን ጨምሮ።

የጅማ ዝናብ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል፤
ጎርፉ በሥራችን ጭቃ ይዞ ይሄዳል።
እግራችንን ሰቅለን ዝም ብለን እናያለን።
"ዳር ዳሩን" ይላል ላቀው፣
"ዳር ዳሩን ብቻ ነው።"