ሦስተኛው ንጥረ ነገር

ሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ዘጠነኛ «ለ»፤
የደብረ ሲና ጉም መስኮቱን ሸፍኖ እንደተኛ አለ።
ጠመኔው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤
«ሊቲየም» ብዬ ብጽፍ «ም»ው ከመስመር ይወጣል።
ቁጥሩ ሦስት። ከብረት ሁሉ ቀላል፣
እንደ ቅቤ በቢላ ይቆረጣል፣
ዘይት ላይ ቢጥሉት አይሰጥምም፣ ይንሳፈፋል።
«ምን ይሠራል፣ መምህር?» አለ ምንተስኖት ከኋላ።
«ለባትሪ» አልኩ።
የቀረውን ዋጥኩት፣
እንደ ጧቱ ክኒን፣ ያለ ውሃ።

ካቻምና ነበር ባትሪዬ ሞልቶ የፈሰሰ፤
አራት ሌሊት ሳልተኛ፣ ምላሴም ሳያርፍ፣ አምስተኛው ጎህ ደረሰ።
የዕቁቤን ብር በሙሉ ጠመኔ ገዛሁበት፣ ሠላሳ ካርቶን።
ጣርማ በርን በእግሬ ወጥቼ፣ ዋሻው ውስጥ ቆሜ፣
የደሴን ከባድ መኪና በፉጨት አሳለፍኩ፤
ሹፌሮቹ ሲሰድቡኝ የሚመርቁኝ መሰለኝ።

ከዚያ ነጠፈ።
ጫማዬ አልጋው ሥር ነበር፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፤
ከመሐል ሜዳ ይርቅ ነበር ያ ጫማ።
ሐዘን እንኳ አይደለም፤ ሐዘን ጉልበት ይጠይቃል።
መፈለግን መፈለግ ነው ያጣሁት።
ጎረቤት «ሰነፈ» አለ፤ አክስቴ «ዓይን ነው» አለች፤
አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣
«የልጄ ሐሞቱ ፈሰሰ» አለ።

ደብረ ብርሃን፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ጧት፣
ሲስተር የሺመቤት ደሜን ቀድታ እንዲህ አለችኝ፦
«በነርቭና በነርቭ መሀል ስንጥቅ አለ፣ ጠባብ፤
የሚሻገረው መልክተኛ ፈሳሽ ነው፤
ሲበዛ ይጮሃል፣ ሲያንስ መንገድ ላይ ይቀራል።
ይኼ የምሰጥህ ጨው ነው። ውሃ ጠጣ።
በጾምም ቢሆን የወጥህን ጨው አትቀንስ።»

ስመለስ፣ ዋሻው ጨለማ ላይ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤
ሐሞት፣ አንጀት፣ ሆድ፣ ጉበት እያለ የኖረ ሕዝብ
ፈሳሽ መሆኑን አልሳተም፤
የሳተው ሰፈሩን ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለ፣ የደም ምርመራ የማይመልሰው።
በዚያው ጎርፍ ሰሞን ለብርቅነሽ ዐሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር።
ማን ጻፈው? እኔ ወይስ ፈሳሹ?
ጠየቅኋት። ደብዳቤውን ከሣጥኗ ሳታወጣ፣
«ግማሹ ያንተ ነው» አለች፣
«የቱ እንደሆነ ግን አልነግርህም።»

ደወል። ወንበር ተንኳኳ፣ ክፍሉ ወጣ።
ምንተስኖት ቀረ።
እጄን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
«መምህር፣ እናቴም ባትሪ ትውጣለች።
ሻይ ስትቀዳ እጇ እንዲህ ነው።»

ጉሙ አልተገለጠም። ጠመኔውን አስቀመጥኩ።
«ውሃ በደንብ ትጠጣ» አልኩት፤
«ጨውም እንዳትቀንስ።»