የዴኦሊንዳ ወንበር

በባልታዛር መጠጥ ቤት፣ በቫል ፍሪዮ መንደር፣
ሴት ደፉን አትረግጥም ነበር።
ባሏን የፈለገች ልጅ ልካ ታስጠራለች፣
ልጅ የሌላት ደጅ ቆማ ታስላለች።
የጻፈው የለም፣ ያወጀው የለም፤
ማን እንደቀባው እንደማይታወቅ የበር ቀለም።

ከዚያ ባልታዛር በዱቤ ቴሌቪዥን ገዛ፣
ደጅ የሚቆም በዛ።
ከዜና በኋላ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣
በየማታው ተቆርሶ የሚቀርብ ጣጣ፤
የሰው አንሶላ ስትፈትግ አድራ
ሳሙና መዳፏን የላጠው ዙልሚራ።
ሴቶቹ በመስኮት ነው ያዩዋት። ከንፈሯን እያነበቡ፣
የማይሰማውን ከራሳቸው ሕይወት አስገቡ።

ኅዳር ላይ ዝናብ ጣለ። ዴኦሊንዳ፣ ቡሽ ለቃሚዋ መበለት፣
በርዷት መስሏቸው ነበር፣ ስትሮጥ ወደ ቤት።
ተመለሰች፤ የገዛ ወንበሯን በራሷ ተሸክማ፣
ደፉን አለፈች፤ ከፊት ተቀመጠች፣ ሳታቅማማ።
ካርታው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ሊናገር ሲል ድራማው ጀመረ፤
«እሽሽ!» አለው ጎረቤቱ።

በማግስቱ ሰባት ወንበር።

ዙልሚራ ደመወዟን የቆጠረችው ያን ማታ ነው፤
ሳንቲም በሳንቲም፣ ጌታዋ ፊት ደርድራ።
ቀና አለች። «ፋልታ» አለች።
ጎደለ ማለት ነው። ሌላ አልጨመረችም።

ሲነጋ ዳቦው ሲመዘን «ፋልታ»፣
ቄሱ ምጽዋት ሲቆጥር፣ ከኋላ አንዱ «ፋልታ»፣
ቀልድ ነበር፤ እስከ ወይራው ለቀማ፣ እስከ ክፍያው ቅዳሜ፣
አለቃው ፊርሚኖ ለወንድ ሙሉ፣ ለሴት ግማሽ
እንደ አምናው እስኪያድል።
ዴኦሊንዳ ቆጠረች። መዳፏን አልጨበጠችም።
«ፋልታ።»
ሳቀ። ከኋላዋ ያለችው፣ ከዚያችም ኋላ ያለችው፣
አርባ የተዘረጋ መዳፍ ሲያይ ሳቁ አለቀበት፤
እሱም ክፍሉን አይቶታልና
ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል።

የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ወደ ዘጠና እየተጠጋች።
የተዋናይቷን ስም ረስታዋለች።
መጨረሻውን ስጠይቃት
«አገባች መሰለኝ» አለች፣ ቅር እያላት።
ወንበሩ እዚያው አለ፤ ገለባው ሁለቴ ተቀይሯል፣
ማታ ማታ እኔ እቀመጥበታለሁ፤
ከወልድያ በሊቢያ አዙሬ የመጣሁ ወይራ ለቃሚ።

ትናንት ደላላው የወሩን ሒሳብ በፖስታ ሰጠን፤
ለኔ፣ ለኔፓሉ ቢሽኑ፣ ለሁለቱ ሴኔጋሎች።
ደጅ ቆመን ከፈትን። ቆጠርን።
ደላላው ስልኩን እያየ ነው።
ቃሉን ምላሴ ለምዶታል፤
ጉሮሮዬ ነው ገና።