ምንም

ከአሞራ ገደል ወዲህ፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣
በየማለዳው አንጀት በበርሜል ሲገባ፣
አጥንት ተቀቅሎ የዶሮ ቀለብ የሚሆንበት፣
እዚያ ነው የእኔ ሥራ፣ በቆርቆሮው ቤት።

ድሮ ሽታው ነበር ከእኛ ቀድሞ ሰፈር የሚደርስ፣
አባ ኮዳ እንኳ ክንፉን አጥፎ ፊቱን የሚመልስ።
እትዬ አጸደ ፊርማ አሰባሰቡ፣ አርባ ሦስት ሰው፤
ቀበሌ አስገቡት፤ ማኅተም አረፈበት፤ ማን ይመልሰው?

ከዚያ ሀሜሶ መጣ፣ የውኃ ትምህርት የተማረ፤
«ሽታውን አናባርር፣ እናስበላው» ብሎ ጀመረ።
ሳጥን ሠራን፤ ከታች ቀይ የገሞራ ድንጋይ፣
የቡና ገለባና የእንሰት ቃጫ ከበላይ።
አንድ ባልዲ ድፍርስ፣ ከፍሳሽ ኩሬ የተቀዳ፣
ረጨንበት። «በቃ፣ ገቡ» አለኝ።
«እነማን?» አልኩት። «እንግዳ።»

ባክቴሪያ ናቸው አለ፣ በዓይን የማይታዩ፣
ግማቱን በልተው፣ እርጥበት ጠጥተው የሚቆዩ።
ገባኝ። እናቴም ቆጮ በጉድጓድ ስትቀብር
ያላየችውን አብሳይ አምና ነበር የምታድር።

በአምስተኛው ሳምንት ሽታው ቀረ።
ማንም አልመጣም። ማን ይመጣል?
ላልሸተተው ነገር ማን አፍንጫውን ያመሰግናል?

ጥቅምት ላይ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፤
ፓምፑ ቆመ፣ ገለባው ደረቀ፣
ነፋሱ ከሐይቁ ዞሮ ወደ ሰፈሩ ነፋ።
እትዬ አጸደ በሌሊት በሩን ደበደቡ።
«ውኃ ጠምቷቸው ነው» አልኳቸው።
«ማንን?» አሉ፣ አፍንጫቸውን በነጠላ እንደያዙ።
የምመልሰው ጠፋኝ፤ ጄሪካን ሰጠኋቸው።
እሳቸው ስምንት ጊዜ ተመላለሱ፣ እኔ አሥራ አራት፤
ገለባው ላይ አንጠባጠብነው፣ ቀስ አድርገን፣
ለጨቅላ እንደሚሰጥ እራት።

ሀሜሶ ከይርጋለም በስልክ ጽፎ ላከ፦
«ግማሹ ሞቷል። የተረፈው ይራባል።»
እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና
«ከራበውማ» አሉ፣ «ምን እናብላው?»
ሊበዛ ነው ማለቱ እንደሆነ ላስረዳቸው ጀምሬ ተውኩት።
ሁለቱም እውነት ነው።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ አጥሩ ጋ ቆመው አየኋቸው፣
ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ ነጠላው ከአፍንጫቸው ወርዶ።
«ምን ይሸታል?» አልኳቸው።
ሳቡ። ቆዩ። እንደገና ሳቡ።
«ሐይቁ...» አሉ፣ «ሌላ ምንም።»

ፊርማው ግን እስከ ዛሬ ቀበሌ መዝገብ ቤት አለ።