ከብረት የታረቀው

ማክሰኞ ቀበርንህ። ረቡዕ ማለዳ
ያው አውቶቡስ መጣ፣ ያው ሰልፍ፣ ያው ዕዳ።
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከበርህ አጠገብ
ጫማህ ተቀምጧል፣ ገና ሳይሰበሰብ፤
ይታይሽ አትነካውም፤ «ተዉት» ትላለች፣
«ሲመጣ…» ትልና መሃል ላይ ትተዋለች።

እኔ ያ ማጉያህን ተሸካሚ ልጅ ነኝ፤
ከቅርያት ጋት ኔቲቮት፣ ከሠርግ ሠርግ ያዞርከኝ።
ያኔ አጉረመረምኩ፤ ዛሬ ግን ትከሻዬ
ምንም ሳይሸከም ነው የዛለው፣ ጋሽዬ።

ሌላው ጊታር ያቅፋል፤ አንተ ታስተኛለህ፣
እንደ ታመመ ልጅ ጭንህ ላይ ትዘረጋለህ፤
(«ነበር» ማለቱን ገና አልለመድኩም።)
በግራ እጅህ ብረት፣ አውራ ጣት የምታክል፣
ክሩን ዳብሳ ብቻ ልቅሶ የምታበቅል፤
ድንበር አታውቅም እሷ፣ ደረጃ አትቆጥርም፣
ከድምፅ ወደ ድምፅ በእግሯ አትዘልም፣
ትፈስሳለች እንጂ።

ላም አላቢው ኤልካና፣ የኪቡትዙ ሽማግሌ፣
«ውሰዳት» አለህ ጊታሯን፣ «እጄ ይንቀጠቀጣል ሁሌ።»
ዋጋ ስትጠይቀው፣ «አጥሬን ጠግንልኝ» አለ።
ኤልካና የለም። አንተም የለህ። አጥሩ አለ።

አባትህ አያናው ቀጥቃጭ ነበሩ፣ ወገራ፤
ማረሻ የሚገዛቸው፣ ማጭድ የሚያሠራ
ቀን ብረታቸውን ወስዶ፣ ማታ ስማቸውን ያጎድፋል፤
«ዓይናቸው ይበላል» ብሎ ልጁን በሌላ መንገድ ያሳልፋል።
አንተም ብረት ጠላህ፤ መዶሻው ሲያስተጋባ
ጆሮህን ይዘህ ትሮጣለህ፣ ማሽላው ውስጥ እስክትገባ።

ኋላ፣ እዚህ፣ በስተርጅና፣ የፋብሪካ ዘበኛ ሆነህ፣
ሌሊት በዘብ ቤቷ ውስጥ ያቺን ብረት ይዘህ
«በል እንግዲህ ታረቀኝ!» አልካት፣ በገዛ ስምህ ስትቀልድ፤
ብረቱም ታረቀህ፣ እንደ ውኃ ሊወርድ።
አባትህ በእሳት ያለዘቡትን
አንተ በትዕግሥት።

ያን ሌሊት፣ ሳይረኑ ሲጮህ፣ መብራት ጠፍቶ በሰፈሩ፣
ደረጃው ሥር ታጭቀን፣ ሕፃናቱ ሲሸበሩ፣
ያለ ማጉያ፣ በጨለማ፣ ብረቷን ክሩ ላይ ጣልክ፤
ሲወጣ አብረኸው ወጣህ፣ ሲወርድ አብረህ ወረድክ።
የላሪሳ ልጅ፣ ሳሻ፣ መጀመሪያ ሳቀ፤
ከዚያ ሺሞን በፒጃማው፤ ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ወደቀ።
ሳይረኑ ደክሞት ሲያቆም፣ አንተ ግን አልተውከውም፤
እንዲያ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አልፈለግክም፤
ቀስ አድርገህ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ በአምባሰል መንገድ መራኸው፣
እንደ ጠፋ ልጅ እጁን ይዘህ ቤቱ ድረስ አደረስከው።

ስለ ሞትህ ብዙ ተባለ። «ልቡ ነው» አሉ ሐኪሞቹ።
እኔ የማውቀው ሌላ ነው፦ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣
ክር ቀየርክ። ስድስተኛዋን አላጠበቅካትም።
እንደ ላላች አለች።

በሰባተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲሄድ፣ ወንበሩ ሲታጠፍ፣
ይታይሽ ብረቷን በመሐረብ ሰጠችኝ፣ ብዙም ሳትለፈልፍ።
ከቁልፌ ጋር ስትጋጭ ሰነበተች፣ ከኪሴ ውስጥ ሞቃ፤
ቀዝቃዛ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ እጅህን መሰለች በቃ።

ትላንት ሞከርኩ። አይ ድምፅ! የድመት ጠብ ይሻላል።
በግድግዳው በኩል ሳሻ (አሁን ሪዙ ወጥቷል፣
ወታደር ሊሆን ነው) በጡጫው ደበደበና፣
«ዝቅ አድርገው!» ብሎ ጮኸ፣ «አባባ ታረቀኝ እንዲህ አልነበረምና!»

ዝቅ አደረግኩት።
ዝቅ።
ገና ቤቱ አልደረሰም።