አሥራ ሰባት ሰከንድ

የካቲት ነው ታርቱ፤ ወንዙ በረዶ ሆኗል፣
መስኮቴ ከውስጥ በኩል እንደ ሰው አልቦታል።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሰፈሩ ጭር እንዳለ፣
አንድ ያለቀ ጨዋታ ፊቴ ተዘርግቶ አለ።
ሽንፈቱን አይደለም፤ ሽንፈትስ ለምጃለሁ፣
ውሸቴ የቱ ጋ እንደተሰበረ፣ እሱን እፈልጋለሁ።

እጄ ላይ የልብ አስ፣ ከጎኑ የአበባ አምስት፣
መሐል የልብ ንጉሥ፣ የልብ ሰባት፣ የስፔድ ስምንት።
አስያዝኩ። ተከተለኝ።
ስሙ «ጨዋማ ዓሣ»፤ ፊት የለው፣ ላብ የለው፣
ከስሙ ሥር ቁጥር ነው፣ ሌላ ምን አካል አለው?
አራተኛው ካርታ የዳይመንድ ሁለት፣
ምንም ሳላስይዝ አለፍኩት እንደ ዘበት።
አምስተኛው ልብ ሆነ፤ ሦስት ልብ ተደረደረ፣
ባዶው እጄ እንደ ሀብታም መንጠራራት ጀመረ።
መደቡ አሥራ ስድስት ዩሮ፤ ሃያ አራት ወረወርኩ፣
ሰዓቱ መንጠባጠብ ያዘ፤ አብሬው ቆጠርኩ።
አሥራ ሰባት ሰከንድ።
ከዚያ ከፈለ፤ በስምንት፣ በዚያች ኮሳሳ ጥንድ።

ታቪ ወተት ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ነው፣
ከማሽኑ ጩኸት በላይ እየጮኸ ነው የሚያስበው፦
«ሃያ አራት ለአርባ! ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ከጣለ፣
ውሸትሽ ራሷን ችላለች፤ ከዚያ በላይ ትርፍ አለ።
አሱ ደግሞ አንቺ ጋ ነው፣ የልቦች ሁሉ አለቃ፣
እሱ ልብ ይዞ ቢሆን እንኳ፣ ትልቁን አልያዘም፣ በቃ።
ደህና አድርገሽ ነው የዋሸሽው፤ ከአራቱ አንዱ ደረሰሽ፣
ተኚ አሁን፣ ሊይቪ፤ ጠዋት ሥራ አለብሽ።»

ልክ ነው። ቁጥሩ አይዋሽም፤ የምዋሸው እኔ ነኝ።
ግን ከሂሳቡ በታች አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል፣ እንቅልፍም ነሣኝ።
ውሸት ታሪክ ናት፤ ወገቧ ላይ ከላላች፣
ጫፏን በሃያ አራት ዩሮ ቢያስሯት ትፈታለች።
የእውነት ልብ የያዘች ሴት አራተኛው ላይ ዝም አትልም፣
ትገፋለች፤ ልብ ይዞ እንዲያ የሚያመነታ የለም።
እኔ አንድ ልብ ነበረኝ፤
እሱም ፈራ።

ምናልባት ዓሣው በዚያች አሥራ ሰባት ሰከንድ ወደኋላ ተመልሶ፣
ዝምታዬን አገኘው፤ እንደ ወደቀ ቁልፍ አነሳው፣ ጎንበስ ብሎ።
ምናልባትም ምንም አላሰበ፤
ሻይ ሊቀዳ ተነሥቶ፣ ስኳር ጠፍቶት ሲያስስ፣
ጉጉት ብቻ ነው ጣቱን የመራው ሲመለስ።
ይህኛው ይብሳል። መጣል ለማያውቅ ሰው
ያን ሁሉ ልፋት፣ ያን ሁሉ ውሸት ምን አስፈሰሰው?

ጠዋት አራት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ትኬት እቆጣጠራለሁ።
እዚህ ፊት አለ፤ እዚህ እጅ አለ።
መስኮቱን ከልክ በላይ የሚያይ፣
አንድ ኪስ ሦስት ጊዜ የሚዳብስ፣
ስልኩ ልክ እኔ ስደርስ የሚጮህ፤
እነዚህን ሳልቆጥር አውቃቸዋለሁ።

ወይን ጠጅ ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት፣ እግሯ ሥር የድንች ከረጢት፣
ሳልጠይቃት ካርዷን ዘረጋች፤ አየችኝም ዓይን ለዓይን።
የጥር ካርድ ነው። አንድ ሳምንት አልፎታል።
ከበሩ ጀምሮ አስታወስኳት፦
ሾፌሩን «ደህና አደርክ» ብላ፣
የፊተኛውን ወንበር መርጣ፣
ጓንቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስተካክላ፤
የትም ቦታ አልላላችም።
ቅጣቱ አርባ ዩሮ ነው።
ካርዱን ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ዓይኗ አልተርገበገበም።
አሥራ አንድ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ከረጢቱ ተዘረገፈ፣
አንድ ድንች በተሳፋሪው እግር መሐል እስከ ኋላ ከነፈ።
«አመሰግናለሁ፣ እመቤት» ብዬ ካርዷን መለስኩ።
ጣልኩ፤
ድንቹን ልለቅምላት አብሬያት ጎነበስኩ።